የበረዶው ደረሰኝ

በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አዋቂዎች፤
ወርደው አላዩም መሰለኝ የምድር ቤቱን ሣጥኖች።

እኔ ወርጃለሁ።
ግላስጎው፣ ከክላይድ ዳር፣ ድሮ ገመድ የተፈተለበት፣
ኋላ ሠዓሊው፣ ተዋናዩ፣ ወፈፌው ሁሉ የከተመበት
አሮጌ ፋብሪካ ሥር፤
ዝናብ እዚያ ቤተኛ ነው፣ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው፤
አርባ ዓመት የተጻፈውን ገጽ ከገጽ አጣብቆ አነበበው።

ሥራዬ ማላቀቅ ነው፤ በስስ ቢላ፣ በብሩሽ፣ በትንፋሽ፤
አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ለፍቼ የማተርፈው አንድ ብጣሽ፦
«ቁልፉን የወሰደ ይመልስ!» የሚል ቁጣ፣
ወይም የመብራት ሂሳብ፣ ከፋይ ያጣ፣
ወይም ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸት የፊልም ጥቅል።
አለቃዬ ኢሽቤል ከደረጃው አናት «ምን አገኘሽ?» ስትል
«ሰው» እላታለሁ፣ «ቁልፍ የጠፋበት ሰው።»

ከሣጥን አርባ ሦስት አንድ ደረሰኝ ወጣ፤
«በረዶ፣ ሁለት መቶ ኪሎ፣ ከዓሣ ገበያ የመጣ።»
ወሩ የካቲት ነው፤ ዓመቱን ውኃ በልቶታል።
ከሥሩ ጥፍር የሚያካክሉ ምስሎች ተደርድረዋል፦
ሴት በበረዶ ግንድ ላይ ተቀምጣለች፤
ግንዱ ያንሳል፣ እሷ ትወርዳለች፣
ያንሳል፣ ትወርዳለች፤
መጨረሻው ላይ ኩሬ ብቻ፣ ጥንድ ጫማ ብቻ።

ዩፌሚያ ራንኪን ዛሬ ሰማንያን ዘላለች።
በአውቶቡስ መጣች፤ ደረሰኙን አየች፤ ሳቀች፤
ከዚያ ተቆጣች።
«ልጄ፣ እንዲቀልጥ ብዬ ነው የሠራሁት።
ውኃውን በመወልወያ ጠርጌ ስወጣ ነበር የጨረስኩት።
አንቺ አሁን የቀለጠውን መልሰሽ ልታረጊው?»

መልስ አጣሁ።
ቃሏም እውነት፣ እጄ ላይ ያለው ወረቀትም እውነት፤
ሻያችን ቀዘቀዘ ሁለቱ ሲፋጠጡበት።
ኮቷን ቆልፋ ስትወጣ ግን ከበሩ ዞር አለችና፣
«ካስቀመጥሽው አይቀር» አለች፣ «አትቆልፊበት፤
ለተቆለፈበትማ መቅለጡ ይሻለው ነበር።»

አልቆለፍንም።
ምስሎቹን ከነጭረታቸው ለሁሉ በሚታይ ኮምፒዩተር፣
በየሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣ በልብስ ማጠቢያ ቤቶች በር
«ይህን የሚያውቅ አለ?» ብለን ለጠፍን።
ሦስት ሳምንት ጠበቅን።

ከዚያ አንድ ሰው፣ ትከሻው ሳንቃ፣ ባርኔጣውን በእጁ ጨምቆ፣
ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ዕዳ እንዳለበት ተሸማቅቆ።
«ሥነ ጥበብ አላውቅም» አለ፣ «ይህቺ እጅ ግን የእኔ ናት።»
ከሁለተኛው ምስል ዳር፣ ስንቴ አጉልቼ ያላየኋት፣
ጓንት የሌላት እጅ፤ አውራ ጣቷ ጎባጣ።
ጠረጴዛዬ ላይም አውራ ጣት፣ ጎባጣ።

ላክላን መክፋይል። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣
የዓሣ ገበያ ተላላኪ፤ በጋሪ ነው በረዶውን ማምጣቱ።
አድርሶ ሊሄድ ሲል እግሩ እምቢ አለው፤
እስኪቀልጥ ቆየ። ስድስት ሰዓት ተኩል። ከሥራ አባረሩት።
«ወደ ቤቴ ስሄድ» አለ፣ «መንገዱም የሚቀልጥ መሰለኝ፤ ቀስ ብዬ ረገጥኩት።
ለማንም አላወራሁ። በረዶ ሳይ ዋልኩ ይባላል?»

ለዩፌሚያ ስደውልላት ረዥም ዝምታ ሰማሁ፤
«እግሬ ደንዝዞ» አለች፣ «ጫማዬን ያጠለቀልኝ ልጅ?
ስሙን እኮ ሳልጠይቀው ቀረሁ።»

መዝገቡን ከፈትኩ፦
«ሠሪ፣ ዩፌሚያ ራንኪን። ቁስ፣ በረዶ።» ከሥሩ ባዶ መስመር።
«አምጪ» ብዬ ስሙን ስጽፍ ኢሽቤል በትከሻዬ አጎንብሳ፣
«እስከ መጨረሻው የቆየ፣ ብለሽ ጨምሪ» አለች፣ ድምጿን ቀንሳ።

በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ፤ ይበሉ፤
ወራሾቹ ግን ደጅ ላይ፣ ባርኔጣ ጨምቀው ይውላሉ።

ዛሬም ይዘንባል።
ከሣጥን አርባ አራት በላይ ጣራው ያንጠባጥባል።
ባልዲ አስቀምጬበታለሁ።
ማታ ልደፋው ስል ግን
ትንሽ አመነታለሁ።